ኤች ኢንዴክስ፡ የተመራማሪ ልፋት በአንድ ቁጥር ሲመዘን

የአንድ ተመራማሪ የዓመታት ልፋት በአንድ ቁጥር ሊገለጽ ይችላልን? ጥያቄው የምሁራን ክርክር ብቻ አይደለም። በብዙ አገራት ማን እንደሚቀጠር፣ ማን የማዕረግ እድገት እንደሚያገኝና የምርምር ገንዘብ ለማን እንደሚሰጥ ሲወሰን “ኤች ኢንዴክስ” የተባለ መለኪያ ከግምት ይገባል።

መለኪያውን ያፈለቁት በአሜሪካ በሳንዲያጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ምሁር የሆኑት ሆርሄ ሂርሽ ናቸው። በአርጀንቲና ቦነስ አይረስ የተወለዱት ሂርሽ፣ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ነው። የምርምር መስካቸው ኮንደንስድ ማተር ፊዚክስ ይባላል። ዘርፉ እንደ ብረት፣ ክሪስታልና ፈሳሽ ባሉ ቁሶች ውስጥ እጅግ ብዙ አቶሞችና ኤሌክትሮኖች በአንድነት የሚያሳዩትን ባሕርይ ያጠናል። ሂርሽ በዚሁ መስክ እ.ኤ.አ. በ1986 ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ያቀረቡት የኮምፒውተር ስሌት ዘዴ በሁለቱ ስም ይጠራል። ይሁን እንጂ ስማቸውን ከፊዚክስ ውጭ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ በሚያሳትመው መጽሔት ላይ የወጣው አጭር ጽሑፋቸው ነው።

ስሌቱ እንዴት ነው?

አንድ የምርምር ጽሑፍ ከታተመ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች በሥራዎቻቸው ይጠቅሱታል። ኤች ኢንዴክስ የጽሑፎችን ብዛትና የተጠቀሱበትን መጠን በአንድነት ይይዛል። ለምሳሌ አምስት ጽሑፎች ያሉት ተመራማሪ ሥራዎቹ 25፣ 12፣ 7፣ 4 እና 1 ጊዜ ተጠቅሰውለታል እንበል። ቢያንስ አራት አራት ጊዜ የተጠቀሱ አራት ጽሑፎች ስላሉት ኤች ኢንዴክሱ 4 ይሆናል። ወደ 5 ከፍ ለማለት አምስቱም ጽሑፎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ አምስት ጊዜ መጠቀስ አለባቸው።

ከዚያ በፊት ምሁራን የሚመዘኑት በአብዛኛው በጽሑፎቻቸው ብዛት ወይም በተጠቀሱበት ጠቅላላ ድምር ነበር። ብዛት ብቻ ከተቆጠረ ማንም የማያነበውን ጽሑፍ የሚያበዛ ሰው ይጠቀማል። ድምር ብቻ ከታየ ደግሞ አንድ የታወቀ ጽሑፍ የቀረውን ሁሉ ይሸፍናል። አዲሱ ስሌት ሁለቱን ችግሮች በቀላሉ ስላቃለለ በፍጥነት ተስፋፋ።

ሂርሽ በ2005ቱ ጽሑፋቸው የታዋቂ ሊቃውንትን ውጤት አስልተው ነበር። ከፊዚክስ ሊቃውንት ከፍተኛው የኤድዋርድ ዊተን 110 ሲሆን፣ በኮንደንስድ ማተር ፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚ የሆኑት ፊሊፕ አንደርሰን 91፣ እስቲቨን ሆኪንግ ደግሞ 62 ነበራቸው።

ቁጥሩ የማያሳየው

በዚያው ጽሑፍ ከሕይወት ሳይንስ ዘርፍ ሰለሞን ስናይደር 191 አስመዝግበዋል። ይህ ማለት ግን ስናይደር ከአንደርሰን ይበልጣሉ ማለት አይደለም። በሕይወት ሳይንስ የሚታተመውም የሚጠቀሰውም ብዙ በመሆኑ የተለያዩ ዘርፎችን ምሁራን በዚህ ቁጥር ማነጻጸር ያሳስታል።

መለኪያው ጥቂት ጽፎ ብዙ የለወጠን ሰውም ዝቅ ያደርጋል። ሦስት ጽሑፎች ብቻ ያሉት ሰው እያንዳንዳቸው ሺሕ ጊዜ ቢጠቀሱለትም ኤች ኢንዴክሱ ከ3 አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2013 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ፒተር ሂግስ በዛሬው አሠራር በቂ ምርት የላቸውም ተብለው ሥራ እንደማያገኙ ተናግረው ነበር። ወጣት ተመራማሪ ደግሞ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን፣ ሥራዎቹ ታትመው እስኪጠቀሱ ዓመታት ስለሚፈጅ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይታያል። ከዚህም ሌላ ቁጥሩ አንድ ጽሑፍ የተጠቀሰው ተመስግኖ ይሁን ተነቅፎ አይለይም።

ከሁሉ የሚያስገርመው የመለኪያው ባለቤት ምስክርነት ነው። ሂርሽ አንዳንድ ቁሶች ጉልበት ሳያባክኑ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉበትን ክስተት የሚያብራራውን፣ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ሰፊ ተቀባይነት ያለውን ንድፈ ሐሳብ ለዓመታት ሲሞግቱ ቆይተዋል። አብዛኛው የዘርፉ ምሁር ሙግታቸውን አልተቀበለውም። ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጽሑፍ፣ መለኪያቸው ተመራማሪዎች ብዙኃኑ የሚሄድበትን መንገድ እንዲከተሉና የተለየ ሐሳብን እንዲሸሹ ሊገፋፋ እንደሚችል ገልጸዋል። ራሳቸውንም በአውሮፓውያን ተረት ውስጥ የቀሰቀሰውን አስማት ማቆም ካቃተው የጠንቋይ ተለማማጅ ጋር አመሳስለዋል። ሂርሽ በሙግታቸው ትክክል ይሁኑም አይሁኑ፣ ማስጠንቀቂያቸው ክብደት አለው፤ አንድ ሐሳብ ብዙ ጊዜ መጠቀሱ እውነት መሆኑን፣ አለመጠቀሱም ሐሰት መሆኑን አያረጋግጥምና።

ምን ይሻላል?

እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው የሳንፍራንሲስኮ የምርምር ምዘና መግለጫ፣ አንድ ጥናት መመዘን ያለበት በታተመበት መጽሔት ስም ሳይሆን በራሱ ይዘት ነው ይላል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም የታተሙ ጥናቶች ለመምህራን የማዕረግ እድገት ከሚታዩ መመዘኛዎች መካከል በመሆናቸው ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የአካባቢን ሰብል፣ በሽታ ወይም ቋንቋ የሚያጠና ምሁር በዓለም መድረክ ጥቂት ጊዜ ቢጠቀስም ለማኅበረሰቡ የሚሰጠው ጥቅም ግን ትልቅ ሊሆን ይችላል።

ኤች ኢንዴክስ የተመራማሪውን ሥራ ለማየት በር ይከፍታል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ፍርዱ ጽሑፉን አንብቦ የሚመዝን ሰው ይፈልጋል።