በዕቃ ማጠቢያው ሥር የሚንጠባጠበው ውኃ

በወጥ ቤት ዕቃ ማጠቢያ ሥር ያለውን የሣጥን በር በከፈታችሁ ጊዜ የሻጋታ ሽታ ቢቀበላችሁ፣ ወይም የሣጥኑ ወለል አብጦና ተላልጦ ብታገኙት፣ ከፍሳሽ መውረጃው በአንድ በኩል ውኃ እያመለጠ መሆኑን ዕወቁ። ብዙ ቤተ ሰብ ይህን ባየ ጊዜ ከሥሩ አንድ ሳፋ ያኖርና በሩን መልሶ ይዘጋል፤ ሳፋው ሲሞላ ይደፋል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፤ እንዲህ እየተባለ ወራት ያልፋሉ። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንገልጽ የምንወደው፣ ከዚህ ስፍራ የሚወጣው ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ባለሙያ ሳይጠራ በቤተ ሰቡ እጅ ሊቆም የሚችል መሆኑን ነው።

የሚጎዳው የሣጥኑ እንጨት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላሳሰበንም ነበር። ነገር ግን ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት ከተሠሩ ወዲህ፣ የአንዱ ቤት ወለል የሌላው ቤት ጣራ ሆኗል። በሦስተኛው ፎቅ ከሳፋው ተርፎ የፈሰሰ ውኃ በሁለተኛው ፎቅ ጣራ ላይ ቡና የፈሰሰበት የሚመስል ምልክት ያወጣል፤ ልስኑንም ያላቅቃል፤ የመብራት ሽቦ ባለበት በኩል የወረደ እንደ ሆነ ደግሞ አደጋ አለው። የታችኛዋ ጎረቤት በመጀመሪያ ደረጃውን ወጥታ «እትዬ፣ ጣራችን እያንጠባጠበ ነውና እባክዎ ያሳዩልን» ትላለች፤ ሁለተኛ ጊዜ ልጅዋን ትልካለች፤ ሦስተኛ ጊዜ ነገሩ በሽማግሌ ፊት ይቀርባል። ቡና ይጠራሩ የነበሩ ሁለት ቤቶች በአንዲት የጎማ ቀለበት ምክንያት ሲኰራረፉ ማየት ያሳዝናል።

ሥራውን ለመድፈር አስቀድሞ ሁለቱን ውኃ መለየት ያስፈልጋል። ወደ ቤት የሚመጣው ንጹሕ ውኃ በግፊት የሚገፋ ስለ ሆነ፣ ቧንቧው በተሰበረ ጊዜ ቤት ያጥለቀልቃል። ከማጠቢያው የሚወርደው ፍሳሽ ግን በገዛ ክብደቱ ብቻ ይወርዳል፤ ማንም ዕቃ ካላጠበ፣ በመታጠፊያው ውስጥ የቆመው ጥቂት ውኃ ካለቀ በኋላ መንጠባጠቡ ይቆማል። ማንም ሳይነካው ሌሊቱን ሙሉ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ያ መጪው ውኃ ነውና፣ መዝጊያ ቁልፉን ዘግቶ ባለሙያ መጥራት ይሻላል።

ከማጠቢያው ሥር የምናየው ጠርሙስ መሰል ወይም የታጠፈ ፕላስቲክ ሲፎን ይባላል። በውስጡ ሁልጊዜ ውኃ ቆሞ የሚቀረው በከንቱ አይደለም፤ ከፍሳሽ ጉድጓድ የሚመጣውን ክፉ ሽታ የሚከለክለው ያ የቆመ ውኃ ነው። በታጠፈ ቧንቧ ሽታን የመከልከል ብልሃት ላለበት መጸዳጃ በ1775 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘው አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ ነበረ። ቤት ለብዙ ሳምንት ተዘግቶ ሲቆይ ሽታ የሚነሣውም የሲፎኑ ውኃ ተንኖ ስለሚያልቅ ነው፤ ለዚህስ አንድ ጆግ ውኃ ማፍሰስ ይበቃል።

እንግዲህ ሣጥኑን ባዶ አድርጉ። ቧንቧውንና መገጣጠሚያውን ሁሉ በደረቅ ጨርቅ ጠርጉና ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፉ። አንድ ሰው ከላይ ውኃ ይክፈት፤ ሌላው ከታች ሆኖ በባትሪ እያበራ ይመልከት። ለዚህ የመመልከት ሥራ ልጆችን የሚያህል የለም፤ ቁመታቸውም ዓይናቸውም ይስማማዋል። ጠብታው የወደቀበት ቦታ ግን ውኃው የወጣበት ቦታ ላይሆን ይችላል፤ ውኃ በቧንቧው ላይ እየተንሸራተተ ወርዶ ከዝቅተኛው ስፍራ ይንጠባጠባልና። ስለዚህ ደረቅ ሶፍት ይዛችሁ ከላይ ወደ ታች እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ንኩ፤ መጀመሪያ የሚርሰው እርሱ ነው። ቀጥሎም መውረጃውን ደፍናችሁ ማጠቢያውን ሙሉት። ውኃው ቆሞ ሳለ ከሥር የሚንጠባጠብ ከሆነ ጥፋቱ ከመውረጃው አፍ ላይ ነው፤ ከተለቀቀ በኋላ ብቻ የሚንጠባጠብ ከሆነ ከሲፎኑ ወይም ከቧንቧው ነው።

ጥፋቱ በሲፎኑ መገጣጠሚያ ላይ ሲሆን፣ ዳዶውን በእጅ ወደ ቀኝ ጥቂት ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከታች ተኝተው ወደ ላይ ሲያዩ ቀኝና ግራ ስለሚያምታታ ቀስ ማለት ያስፈልጋል። ፒንሳ ለማንሣት አትቸኩሉ፤ የፕላስቲክ ዳዶ በብረት ሲጨመቅ ይሰነጠቃል፣ ያን ጊዜ የአንድ ቀለበት ወጪ የሙሉ ሲፎን ወጪ ይሆናል።

ማጥበቁ ያልረዳ እንደ ሆነ ሳፋውን ከሥር አኑራችሁ ሲፎኑን ፍቱ። በውስጡ የምታገኙት ነገር የቤታችሁን ማእድ ይናገራል። በጾም ወራት የሽሮ ዝቃጭና ከቡሐቃው የታጠበ ሊጥ፣ በፋሲካ ሰሞን ደግሞ ከዶሮ ወጥ ድስት የወረደ ቅቤ ቀዝቅዞ እንደ ሻማ ረግቶ ይገኛል፤ የቡና አተላ ግን ጾምና ፍስክ ሳይለይ ዓመቱን ሙሉ አለ። ይህ ሁሉ መንገዱን ሲያጠብበው ውኃው ወደ ኋላ ይቆማል፤ የደከመውንም መገጣጠሚያ ፈልጎ ይወጣል። ቅባቱን በወረቀት ጠርጎ ወደ ቆሻሻ መጣል፣ አተላውንም ከተክል ሥር መድፋት ከብዙ ጥገና ያድናል። መኮሮኒ የተቀቀለበትን የፈላ ውኃ እንደ ወረደ ወደ ማጠቢያው መገልበጥም መልካም አይደለም፤ ሙቀት የፕላስቲኩን ቧንቧ ያለሰልሰዋል፣ መገጣጠሚያውንም ያላላዋል።

ሲፎኑ ከታጠበ በኋላ ባለሙያዎች ጎሚኒ የሚሉትን የጎማ ቀለበት መርምሩ። ደርቆ፣ ተሰንጥቆ ወይም ተጨፍልቆ ከሆነ አዲስ ይግባ። ደኅና ሆኖ ሳለ ተገልብጦ የገባም አለ፤ አንድ ወገኑ የሾለ ቀለበት፣ የሾለው ወገን ወደ መገጣጠሚያው አፍ፣ ጠፍጣፋው ወደ ዳዶው ይዞራል። አሮጌውን ይዛችሁ ወደ መደብር ሂዱ እንጂ በግምት አትግዙ፤ የወጥ ቤቱ ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ 40 ሚሊ ሜትር፣ የእጅ መታጠቢያው 32 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ ለዓይን ይመሳሰላሉ። መልሳችሁም ስትገጥሙ ቧንቧው ቀጥ ብሎ ይግባ፤ ተጣሞ የተገጠመን ምንም ዓይነት ቀለበት አይረዳውም።

በፌስታል መጠቅለልን ወይም በካላማዳሪ ቁራጭ ማሰርን አንመክርም። በዚህ መገጣጠሚያ ላይ ቴፍሎን መጠምጠምም እንዲሁ ነው፤ ውኃውን የሚያግደው ቀለበቱ እንጂ የዳዶው ጥርስ አይደለምና። እንደ አኮርዲዮን የሚለጠጠው ቱቦ ሲቀደድ ግን ጥገና የለውም፤ በለስላሳ ቧንቧ ይተካ። የመውረጃው አፍ ሲሆን ካቻቢቴ ይዞ ቡሎኑን መፍታት፣ አሮጌውን ማጣበቂያ ፍቆ ማድረቅ፣ አዲስ ሲሊኮን ቀብቶ ማሰር፣ እስከ 24 ሰዓትም ውኃ ሳያስነኩ መተው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የምናስጠነቅቀው ስለ መድኃኒቱ ነው። የተዘጋ መውረጃ ይከፍታል ተብሎ ኮስቲክ ሶዳ የፈሰሰበትን ሲፎን በዚያው ቀን አትፍቱ፤ በውስጡ የቀረው ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። የፈሰሰ መሆኑን ካላወቃችሁ አስቀድማችሁ ብዙ ውኃ አውርዱበት፤ ጓንትም አድርጉ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲደባለቅ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ስለሚያወጣ ሁለቱን በአንድ መውረጃ ማፍሰስ አይገባም። እነዚህ ጠርሙሶች በዚያው ሣጥን ውስጥ ሕፃናት በሚደርሱበት ሥፍራ መቀመጣቸው በብዙ ቤት የምናየው ነገር ነው፤ ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ሳለ ወደ ከፍተኛ መደርደሪያ ይዛወሩ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ማጠቢያውን ሞልታችሁ በአንድ ጊዜ ልቀቁት፤ ደረቅ ጋዜጣም አንጥፋችሁ አሳድሩ። በማግሥቱ ጋዜጣው ደርቆ ሳለ ግድግዳው ከረጠበ፣ የተበላሸው በግድግዳ ውስጥ የሚያልፈው ቧንቧ ነውና ያን ጊዜ ባለሙያ ይጠራ፤ እናንተ የመረመራችሁትን አስቀድማችሁ ብትነግሩት ሳያስፈልግ ግድግዳ አያፈርስም። የታችኛዋን ጎረቤትም ሄዳችሁ ጣራዋን አብራችሁ እዩ፤ ምልክቱ ፈጽሞ እስኪደርቅ ጥቂት ሳምንት ይቆይ፣ በእርጥብ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣልና።