በስንዴ ዛላ የታጀበ ንጉሥ

በሾላ ገበያ እህል የሚሸምት ሰው ስንዴን ከገብስ ለመለየት አይቸገርም። በአክሱም የወርቅ ሳንቲም ላይ ንጉሡን ግራና ቀኝ ያጀቡትን ሁለት ዛላዎች ግን ተመራማሪዎች አንዳንዴ ስንዴ፣ አንዳንዴ ገብስ ይሏቸዋል። ስንዴም ሆነ ገብስ፣ የዚያን ዘመን የሮም ወርቅ ከአክሱም ወርቅ ጋር ተደባልቆ ለተገኘበት ሰው የመጀመሪያው መለያ ይኸው ዛላ ነው።

የአክሱሙ ንጉሥ እንድቢስ እ.ኤ.አ. በ270 ገደማ ሳንቲም ማስመታት ሲጀምር ወርቁ 2.7 ግራም ያህል ይመዝን ነበር። የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ከአንድ የሮም ፓውንድ ወርቅ 72 የሚወጣውን፣ 4.5 ግራም ገደማ የሚሆነውን ሶሊደስ የተባለ የወርቅ ሳንቲም ካስተዋወቀ በኋላ፣ የአክሱም ወርቅ ወደ 1.6 ግራም ዝቅ አለ። ይህም የሶሊደስን አንድ ሦስተኛ ይጠጋል።

ሚዛኑ ከሮም ጋር ተቀራረበ እንጂ መልኩ አልተቀዳም። በ5ኛው ክፍለ ዘመን በቁስጥንጥንያ በተመታ ሶሊደስ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ የራስ ቁር ደፍቶ፣ ጦር ተሸክሞ ፊት ለፊት ያያል፤ በጀርባው ክንፍ ያላት የድል ምስል ረጅም መስቀል ይዛ ትቆማለች። በ6ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ዮስጢኖስ ጊዜ ቦታዋን መልአክ ወሰደ። የአክሱሙ ንጉሥ ግን በሁለቱም ገጽ ራሱ ነው። ከንጉሥ አፊላስ ጀምሮ በአንዱ ገጽ ዘውድ ይደፋል፣ በሌላው ሻሽ ያስራል። አንዱን ሰው በሁለት ማዕረግ ያሳየ ይህ ምርጫ ከሁሉም በላይ አክሱማዊ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ከንጉሡ ራስ በላይ ያለው ምልክት ነው። ጨረቃና ክብ ካለ ሳንቲሙ ከክርስትና በፊት የተመታ ነው። በንጉሥ ኢዛና ዘመን መስቀል ተተካ፤ የኢዛና ወርቅ ሁለቱንም ዓይነት ስለያዘ ሃይማኖቱ የተለወጠበትን ጊዜ በእጅ ያስይዛል።

ጽሑፉም ይናገራል። ወርቁ ባሕር ተሻግሮ ስለሚሄድ በግሪክ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ በግዕዝ ያስጻፈው ንጉሥ ዋዜባ ለየት ይላል። ወርቁ ምን ያህል እንደራቀ በ1980 እ.ኤ.አ. በየመን አል መዳሪባ የተገኘው ክምችት ያሳያል፦ 868 የአክሱምና 326 የሮም ሳንቲሞች በአንድ ላይ ነበሩ። ከንጉሥ ካሌብ በኋላ የግሪክ ፊደሉ እየተዛባ፣ የፊቱ አቀራረጽም እየሻከረ ስለሚሄድ፣ የኋለኛውን ዘመን ሳንቲም ስሙ ባይነበብም በዚህ መለየት ይቻላል።

በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሠው አርማሕ ያስመታው ብርና ነሐስ ብቻ ነው። በነሐሱ ላይ ንጉሡ በዙፋን ተቀምጦ ሙሉ አካሉ ይታያል።