ሕፃኑ ዓይኑን ለምን ይጫናል?

አንባብያን ሆይ፤ አንድ ሕፃን የእናቱን ፊት በዓይኑ መከተል ተስኖት፥ ዓይኖቹም እየዋለሉ፥ በጡጫው አዘውትሮ ሲጫናቸው ብታዩ «ልማድ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ሌበር በ1869 እ.ኤ.አ. የገለጸው፥ በስሙም የሚጠራው የዓይን በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ጉዳቱ ያለው ከዓይን በስተኋላ ብርሃን በሚቀበለው ስስ ሽፋን፥ በረቲና ላይ ነው። ወላጆቹ ግን ደኅና ያያሉ። ታዲያ ከየት መጣ? አብዛኛውን ጊዜ አባትም እናትም አንዳንድ የተበላሸ ጂን ሳያውቁት ይዘዋል፤ ልጁ ሁለቱን ከወረሰ ይታመማል። ዕድሉም በየእርግዝናው ከ4 አንድ ነው። ስለዚህ «የእናቱ ርግማን ነው» የሚለው የጎረቤት ሐሜት ከንቱ ነው። እስቲ አባትዮውንስ ማን ጠየቀው?

በሽታውን የሚያመጡት ጂኖች ከ20 ይበልጣሉ። ከነዚህ አንዱ፥ አር.ፒ.ኢ.65 የሚባለው፥ ጎድሎባቸው የተወለዱ ውሾች ጤነኛው ጂን በመርፌ ቢሰጣቸው ማየት ጀመሩ፤ ይህም በ2001 ታተመ። በዲሴምበር 2017 የአሜሪካ መንግሥት ለሰው የሚሆነውን ሉክስተርናን ፈቀደ፤ ጤነኛውን ጂን በማይጎዳ ቫይረስ ጭኖ ከረቲና ሥር የሚያደርስ መድኃኒት ነው። ዋጋው ለሁለት ዓይን 850,000 ዶላር ተባለ። (በወር ደመወዝ አካፍላችሁ አትድከሙ!)

መድኃኒቱ የሚሠራው በሕይወት ያለ ሕዋስ ሲያገኝ ነው፤ የሕፃኑ ሕዋስ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየመነመነ ይሄዳል። እንግዲህ ዘመድ መክሮ እስኪጨርስ ሳይጠበቅ የዓይን ሐኪም ይየው። ጂኑ ሌላ ሆኖ ይህ መድኃኒት የማይሆነው ልጅም ከእኩዮቹ ሳይዘገይ ብሬይል ይጀምር።