ግድግዳና እርጥበት፦ ውኃን አግዶ ተንን የመልቀቅ ጥያቄ

ክረምቱ ከበረታ በኋላ በብዙ ቤት አንድ ዓይነት አቤቱታ ይሰማል። የግድግዳው ቀለም ይቀረፋል፤ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ ነጭ ጨው ይወጣል፤ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ጥቁር ሻጋታ ይታያል። የተለመደው መፍትሔ ግድግዳውን «ውኃ በማያስገባ» ነገር መሸፈን ነው፤ በዘይት ቀለም፣ ወፈር ባለ የሲሚንቶ ልስን፣ አንዳንዴም በላስቲክ። ይሁን እንጂ በሚቀጥለው ክረምት ችግሩ ብዙውን ጊዜ ብሶ ይመለሳል። ለመሆኑ ውኃ የማያስገባ ልባስ የለበሰ ግድግዳ ስለምን ይበልጥ ይረጥባል?

መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ ውኃ ወደ ግድግዳ የሚገባበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። የኩራዝ ክር ላምባውን ወደ ላይ ስቦ ለነበልባሉ እንደሚያደርስ ሁሉ፣ ጡብ፣ ብሎኬት፣ ልስንና ጭቃም በውስጣቸው ባሉት ረቂቅ ቀዳዳዎች አማካይነት ውኃን ከመሬት ወደ ላይ ይስባሉ። ውኃው የሚደርስበት ከፍታ በገጽታ ውጥረቱና በቀዳዳው ሬዲየስ ይወሰናል፤ ቀዳዳው በጠበበ መጠን ውኃው ከፍ ይላል። የቀዳዳው ሬዲየስ 0.1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ከፍታው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሬዲየሱ 0.01 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን ስሌቱ 1.5 ሜትር ገደማ ይሰጠናል። (ይህን ቀመር የፊዚክስ ተማሪ ሁሉ ለፈተና ያጠናዋል፤ ስለ ቤቱ ግድግዳ እንደሚናገር ግን የሚነግረው ብዙም የለም።) በተግባር ውኃው እየወጣ ሳለ ስለሚተን ከስሌቱ ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ ነጩ ጨውም ውኃው ተንኖ ሲሄድ ትቶት የሄደው ነው። ይህ መንገድ የሚዘጋው ከመሠረቱ በላይ ሬንጅ የተቀባ ወይም ሌላ ውኃ የማያሳልፍ ንጣፍ በመዘርጋት ነው። ግድግዳው ከቆመ በኋላ ይህን ማድረግ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከውስጥ የሚመጣው ነው። ሰው ይተነፍሳል፣ ድስት ይፈላል፣ ልብስ ይሰጣል፤ ሁሉም ወደ ክፍሉ አየር ተን ይጨምራሉ። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም የሚደርስ ተን መያዝ ይችላል፤ በ10 ዲግሪ ግን ከ9 ግራም ብዙም አያልፍም። የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱም 60 በመቶ ቢሆን፣ 12 ዲግሪና ከዚያ በታች የቀዘቀዘ ገጽ ላይ ሁሉ ጤዛ ይወርዳል። የአዲስ አበባን የክረምት ሌሊት ለሚያውቅ ይህ ሩቅ ምሳሌ አይደለም። ቁም ሣጥን የተጠጋው ግድግዳ የክፍሉ ሙቀት በደንብ ስለማይደርሰው ቀድሞ የሚሻግተው እሱ ነው።

እንግዲህ ግድግዳ ምንም ያህል ብንጠነቀቅለት ጥቂት ውኃ መቀበሉ አይቀርም። ዋናው ጥያቄ የገባው ውኃ በምን በኩል ይወጣል የሚለው ነው። የዘይት ቀለምና ላስቲክ ይህን መውጫ ይዘጋሉ፤ ውኃው ግን በስንጥቅ፣ በመስኮት ዳርና ከመሬት መግባቱን አያቋርጥም።

ፈሳሹን የሚያግድ፣ ተኑን ግን የሚለቅ ነገር ይገኛል? በጎደሬ ቅጠል ላይ ውኃ ብናፈስ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይወርዳል፤ ቅጠሉን አያርሰውም። አንድ ቁስ ውኃን የሚገፋ ከሆነ ከላይ ያየነው ቀመር ይገለበጣል፤ ጠባብ ቀዳዳ ውኃን መሳቡን ትቶ መመለስ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1955 የዱፖንት ኩባንያ ተመራማሪ ጂም ዋይት በቤተ ሙከራ ከአንድ ቧንቧ የሚወጣ የፖሊኢትሊን ብናኝ ጭረት አስተዋለ። ከዚህ ተነሥቶ የተሠራው ታይቬክ የተባለ ስስ ሉህ ኋላ ላይ የቤት ግድግዳ መጠቅለያ ሆነ። የቀዳዳው ሬዲየስ 1 ማይክሮ ሜትር ነው እንበል። ውኃን በዚህ ቀዳዳ ለማስገባት 25,000 ፓስካል ያህል ግፊት ያስፈልጋል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ የሚፈጥረው ግፊት ግን 240 ፓስካል ብቻ ነው። በሌላ በኩል ቀዳዳው ከአንድ የውኃ ሞለኪውል ከ6,000 እጥፍ በላይ ስለሚሰፋ፣ ተን ያለ ችግር ያልፋል።

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ቢመስልም፣ ጥሩ ቁስ ብቻውን ቤት አያድንም። በካናዳ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኘው ቫንኩቨር ዓመታዊ የዝናብ መጠኗ ከአዲስ አበባ ብዙም አይራቅም። ዝናቧ የሚበረታው ግን በቀዝቃዛው ወቅት በመሆኑ የረጠበ ነገር ቶሎ አይደርቅም። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አንሥቶ በአካባቢው ክፍክፍ የሌላቸው፣ የእንጨት አካላቸው ፊቱን በልስን የተደፈነ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በብዛት ተሠሩ። ውኃው በመስኮትና በበረንዳ መጋጠሚያዎች ገባ፤ ከውጭ ልስኑ፣ ከውስጥ የላስቲክ ሉሁ መውጫ ስለከለከሉት እዚያው ተቀመጠ፤ እንጨቱም በሰበሰ። በቢሊዮን የሚቆጠር የካናዳ ዶላር ኪሣራ ደረሰ፤ ቁጠባቸውን አፍስሰው ቤት የገዙ ሰዎች የጥገናውን ዕዳ ተሸከሙ። እ.ኤ.አ. በ1998 በቀድሞው የክፍለ ሀገሩ ፕሪሚየር በዴቭ ባሬት የሚመራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ጉዳዩን አጣራ። ቀደም ብሎ በ1996 የወጣ የሕንፃዎች ጥናት ደግሞ አንድ ቀላል ነገር አሳይቶ ነበር፦ የጣሪያው ክፍክፍ በሰፋ መጠን የተጎዳው ግድግዳ ቁጥር ያንሳል። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው የተለመደው አሠራር ከውጭው ልባስ በስተጀርባ ክፍት ቦታ መተው ነው፤ የገባው ውኃ በዚያ ይወርዳል፤ አየርም ተመላልሶ ያደርቀዋል።

ይህን ያነበበ ሰው የአገራችንን ጭቃ ቤት በሌላ ዓይን ቢመለከት አይገርመኝም። ሰፊ ክፍክፍ፣ ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት፣ በየጊዜው የሚታደስ የጭቃ ምርጊት፤ ሁሉም ከላይ የተባለውን ሕግ ይጠብቃሉ። ምርጊቱ ይረጥባል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል። አሁን አሁን ግን ቤቱን «ለማዘመን» ሲባል ጭቃው ላይ ሲሚንቶ ይለሰናል። ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን ግትር ስለሆነ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውኃ በዚያው ፍጥነት ተንኖ መውጣት ስለማይችል ቋሚውና ማገሩ ከሥር ይበሰብሳሉ፤ ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ልስኑ ሲረገፍ ነው። በጎንደር ፋሲል ግቢም በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሲሚንቶና በአርማታ የተደረገው ጥገና ኋላ ላይ እየተነሣ በጥንቱ ኖራ ተተክቷል። ኖራ ከሲሚንቶ ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ተንም በቀላሉ ያሳልፋል።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ የቤት እርጥበትንና ሻጋታን ከአስምና ከሌሎች የመተንፈሻ አካላት ሕመሞች ጋር አያይዟቸዋል። የረጠበ ግድግዳ ሙቀትንም አይጠብቅም፤ ውኃ ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ነውና በቀዳዳዎቹ ውስጥ አየሩን ሲተካ ቤቱ ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ውኃው ከየት እንደሚመጣ መለየት ይገባል። አንድ ክንድ ያህል ካሬ የሆነ ግልጽ ላስቲክ በረጠበው ግድግዳ ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቃችሁ ለጥፉና ሁለት ቀን ቆዩ። ጠብታው በላስቲኩ ፊት ላይ ከታየ እርጥበቱ ከክፍሉ አየር የመጣ ስለሆነ መስኮት መክፈትና ሣጥኑን ከግድግዳው ማራቅ ይበጃል። ጠብታው ከላስቲኩ ጀርባ ከተገኘ ግን ውኃው የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ አሸንዳውን፣ የመስኮቱን ዳርና መሠረቱን ተመልከቱ፤ ቀለም ቀቢው ይቆይ።