ቤተልሔም፦ የጋይንቱ የንድፍ ትምህርት ቤት

የገጽ ንድፍ የት ይማራል ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ነው፤ ወይ አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ወይ በየፎቁ ኮምፒውተር ደርድረው ግራፊክስና ቪዲዮ የሚያስተምሩት ትንንሽ የግል ኮሌጆች። ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ፣ ጋይንት ውስጥ ያለችውን ቤተልሔምን የሚጠራ የለም። ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ በሌላ ቦታ ድጓ የተማረ ሰው መምህር ለመባል እዚያ ሄዶ ያስመሰክራል። ይህን የቤተ ክህነት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያልተነገረላት፣ ከአገሪቱ የገጽ ንድፎች ሁሉ ጥብቁ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍባት ቦታ መሆኗ ነው። እንግዳ ሰው ወደዚያ ከሄደም የሚሄደው ለሕንፃው ነው፦ ከውጭ ሲያዩት ተራ ክብ ቤተ ክርስቲያን ይመስላል፤ ውስጡ ግን ማዕዘናዊ የሆነ የጥንት ቤተ ክርስቲያን አለ። ቶማስ ፓከናም የተባለው ጸሐፊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ አይቶ ለውጭ አንባቢ ካስተዋወቀው ወዲህ ጎብኚው ግድግዳውን ፎቶ አንሥቶ፣ ከጎጆዎቹ ደጅ ብራና ዘርግቶ የተቀመጠውን ተማሪ ሳያየው ይመለሳል።

የተማሪው ኑሮ የታወቀ ነው፤ ጎጆ፣ ደበሎ፣ አኮፋዳ፣ የኔታ። ድጓም በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራ፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የሚዜም የዓመቱ በዓላት መጽሐፍ ነው። ትኩረት የሚገባው የመጽሐፉ ገጽ ነው። በድጓ ገጽ ላይ ሁለት ጽሑፎች በአንድነት ይኖራሉ፤ አንደኛው ቃሉ ነው፣ ሁለተኛው ከቃሉ በላይ በደቃቅ እጅ የሚሰፍረው ምልክት ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ቀለም ከመንከሩ በፊት የሚወስነው ነገር አለ። የፍየሉ ቆዳ ተነክሮ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆና ለስልሶ ብራና ከሆነ በኋላ ዳርና ዳሩ በወስፌ ይበሳል፤ ከቀዳዳ ቀዳዳም ያለ ቀለም በጭረት ብቻ ይሰመራል። መስመሮቹ ከተቀራረቡ ምልክቱ ቦታ ያጣል፤ ከተራራቁ መጽሐፉ ይወፍርና በማኅደር አንጠልጥሎ ለመሄድ ይከብዳል፣ ብራናም ያልቃል። ከዚያ የመቃ ብርዑ ተቀርጾ ቃሉ በጥቁር፣ የበዓሉና የቅዱሳኑ ስም በቀይ ይጻፋል። ዛሬ የንድፍ ተማሪ ስለ መስመር ክፍተት፣ ስለ ኅዳግና ስለ ፊደል መጠን የሚሰማው ሁሉ እዚህ በአንድ ቆዳ ላይ ይሠራበታል።

በጣም የሚያስቆጨው የተሳሳተ ግምት ምልክቱን የሚመለከት ነው። አንዳንዱ ጌጥ ይመስለዋል፤ ለፖስተር ማስዋቢያ ብሎ ገልብጦ የሚለጥፈውም አለ። የተማረው ደግሞ «የኢትዮጵያ ኖታ» ብሎ ከአውሮፓው ኖታ ጋር ያመሳስለዋል። ሁለቱም አልገባቸውም። የአውሮፓው ኖታ የድምፁን ከፍታ ስለሚያሳይ ዜማውን ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ሊያነበው ይችላል። የድጓው ምልክት ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ሂደትና ቁርጥ ያሉት ነጥቦችና ቅስቶች ናቸው፤ ድምፁ የሚያዝበትን፣ የሚደፋበትን፣ የሚንቀጠቀጥበትን ያመለክታሉ። ሁለተኛው ሥረይ የሚባለው ነው፤ እነዚህ ፊደላት ናቸው። ተማሪው በቃሉ ከያዘው ከአንድ የታወቀ የዜማ ሐረግ አንድ ወይም ጥቂት ፊደል ተወስዶ ከአዲሱ ቃል ራስ ላይ ይቀመጣል፤ አንባቢው ያችን ፊደል ሲያይ የሐረጉን ዜማ በሙሉ ያስታውሳል፣ አዲሱንም ቃል በዚያ ዜማ ይለዋል። ሥረይ ዜማውን አይስልም፤ የተከማቸበትን ይጠቁማል እንጂ። እንዲህ ያለ ምልክት በቃሉ ላልያዘ ሰው ዝም ይላል፤ ለያዘ ሰው ግን የጣት ጥፍር በምታክል ቦታ ረጅም ዜማ ይሸከማል። የቦታው ትክክለኛነትም እዚህ ላይ ነው ነፍስ የሚሆነው፤ ፊደሏ ትንሽ ከተንሸራተተች በሌላ ቃል ላይ አርፋ ዜማውን ታበላሻለች። ቁም ጽሕፈት ማለት የእጅ ማማር ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

«ይህ መገልበጥ እንጂ ፈጠራ አይደለም» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። የተማሪው ሥራ መገልበጥ መሆኑ እውነት ነው፤ የሚገለበጠው ግን ተፈጥሮ የመጣ ነው። ምልክቱን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ከዚያ ወዲህም ዜማው በአንድ መልክ አልቆመም፤ ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት እየተባለ የየቤቱ ስልት ተለይቷል። ከደብረ ታቦር የሚበልጥ ማስረጃ ደግሞ አይገኝም። በቀልዳቸው የምናውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና አዲስ የአቋቋም፣ ማለትም በማኅሌት ቆሞ የመዘመም፣ ስልት ቢያወጡ ጎንደር አልተቀበላቸውም፤ ልጃቸው ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፣ ዛሬም «ተክሌ አቋቋም» እየተባለ በልጁ ስም ይጠራል። አዲስ ነገር በቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ይገባል፤ የሚገባው ግን አሮጌውን ጠንቅቆ ባወቀ ሰው እጅ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። የታተመ ድጓ አለ፣ ስልክ ድምፅ ይቀዳል፤ ታዲያ ብራና መፋቅ ለምን? ለብራናው ብቻ ሲባል ሁሉም ይፋቅ ማለት አያስኬድም፤ በወረቀት የሚጽፍ ተማሪም የድጓ ተማሪ ነው። የማይተካው ግን ራሱ መጻፉ ነው። ምልክት ሲያኖር ተማሪው ለእያንዳንዱ ቃል የትኛው ሐረግ እንደሚስማማ እየወሰነ ነው፤ የጻፈውን የኔታ ሲያርሙለት ዕውቀቱ ይፈተናል። ቀረጻ የሚያቆየው የአንድ ቀን ዜማ ነው፤ ቃልና ዜማ የሚጋጠሙበትን ሕግ አያስተምርም። ኮምፒውተርም ቢሆን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ሥርዓት የሆነው ዩኒኮድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 አሥር የዜማ ምልክቶችን ተቀብሏል፤ ከእያንዳንዱ ቃል በላይ ሥረይን በትክክል የሚያሰፍረው የገጽ አሠራር ግን የምልክት መለያ ቁጥር በመስጠት ብቻ አይገኝም፣ የሠሪ ዕውቀት ይፈልጋል። ይህን ዕውቀት የያዙት ደግሞ ጎጆ ውስጥ ያሉት ናቸው።

ስለዚህ በባሕር ዳርም በአዲስ አበባም ንድፍ የምታስተምሩ፣ ተማሪዎቻችሁን አንድ ጊዜ ጋይንት ውሰዷቸው፤ ካሜራውን ትተው ማስመሪያ ይዘው ይሂዱ፣ የድጓ ጸሐፊ አጠገብ ተቀምጠው መስመር ከመስመር ምን ያህል እንደሚርቅ ይለኩ። የድሮ ድጓ በቤቱ ያለውም ሰው ቅጠሉን እየገነጠለ ለግድግዳ ጌጥ አይሽጥ፤ ከመካከሉ ቅጠል የጎደለው ድጓ መማሪያ አይሆንም።