በገና በ40 ወንበር

«ዩቲዩብ ላይ በነፃ እያለ ለምን እንከፍላለን?» አልኳት። ጓደኛዬ ባለፈው ዐቢይ ጾም በገናና ተረክ አንድ ላይ ወደሚቀርብበት ቤት እንሂድ ብላ ስትጨቀጭቀኝ ነው። ኢኮኖሚክስ ተምሬ ነፃ ነገር ማለፍ አይሆንልኝም!

ሄድን። 40 ገደማ ወንበር፤ ማይክ የለም። ተራኪዋ በገናን ከኢየሩሳሌም ያመጣው ቀዳማዊ ምኒልክ ነው የሚለውን ትውፊት ጀመረች። አብረውት የተላኩት የእስራኤል በኩር ልጆች ከእናቶቻቸው ሲለያዩ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ደርዳሪው ቀጠለ። ከአሥሩ አውታሮች ሥር የሚገቡት ትንንሽ ቆዳዎች፣ እንዚራዎቹ፣ ድምፁን ሲያነዝሩት ደረቴ ላይ ተሰማኝ። አጠገቤ ያሉ እናት እንባቸውን ጠረጉ።

በስልኬ ቀድቼ ነበር። ቤት ገብቼ ስከፍተው የንብ ጥዝታ ብቻ! ለካ የስልክ ስፒከር እንዲህ ያለ ወፍራም ድምፅ አይችልም።

ያኔ ክላስ የተማርኩት ትዝ አለኝ። ቦሞልና ቦወን በ1966 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፣ ፋብሪካ በማሽን ምርቱን ያበዛል፤ ሙዚቀኛ ግን የአንድ ሰዓት ዜማ በግማሽ ሰዓት አይጨርስም። ኑሮው ግን እንደ ሁሉም ሰው ይወደዳል። በገና ደግሞ ይብስበታል፤ ወንበር ስትጨምሩ ማይክ ይመጣል፣ ማይክ ሲመጣ ያ ቅርበት ይሄዳል። ስለዚህ ወይ እኛ 40ዎቹ እንከፍላለን፣ ወይ ደርዳሪው ሌላ እንጀራ ይፈልጋል።

ለሚቀጥለው ሁዳዴ እናቴን ይዤ እሄዳለሁ። የሁለታችንንም እከፍላለሁ። ስልኬ ግን ከኪሴ አይወጣም።