ሸለላ በሳክስፎን፦ አንድ የጃዝ አልበም ስለ ገጠር ዜማ የሚያስረዳው

እ.ኤ.አ. በጥር 2004 ከአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት የመጣው አይዘር ኦርኬስትራ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ያቀረበው ሥራ ተቀርጾ በቀጣዩ ዓመት በአልበም ታትሟል። «ላይቭ ኢን አዲስ» የተሰኘው ይህ አልበም የኢትዮፒክስ ተከታታይ ኅትመት 20ኛ ቅጽ ሲሆን፣ በእንግድነት ከተሳተፉት መካከል ሙላቱ አስታጥቄና የሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ይገኙበታል።

ቢግ ባንድ የሚባለው የጃዝ ቡድን ትራምፔት፣ ትሮምቦንና ሳክስፎን የሚነፉ በርካታ ሰዎችን ከፒያኖ፣ ከቤዝና ከድራም ጋር ያሰልፋል። አሠራሩ ከደቦ ጋር ይመሳሰላል፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የተመደበለትን ድርሻ ይሠራል፣ ድምፁም የጋራ ይሆናል። በመካከል ለአንድ ብቸኛ ተጫዋች ቦታ ይለቀቃል፤ እርሱም በዜማው ላይ የራሱን ፈጠራ ያክላል፣ ሌሎቹ ያጅቡታል።

አንጋፋው ጌታቸው በ1935 በይፋት የተወለዱ ሲሆን፣ ሳክስፎን ከመያዛቸው በፊት ክራርና ማሲንቆ ተጫውተዋል። በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ አገልግለዋል። በይበልጥ የሚታወቁት ጀግና ወደ ጦርነት ሲዘምት የሚያሰማውን ሸለላ በቴነር ሳክስፎን በመጫወታቸው ነው። የሸላዩ የድምፅ መንቀጥቀጥና ጩኸት ከመሣሪያው ውስጥ ይሰማል። ኦርኬስትራውም ወደ አዲስ አበባ ከመምጣቱ አስቀድሞ የኢትዮጵያን ዘፈኖች አጥንቶ ለራሱ መሣሪያዎች አቀናብሮ ነበር።

ሳክስፎን ከብረት ቢሠራም ድምፁ የሚፈልቀው ከአፉ ላይ ከሚታሰር ስስ የሸምበቆ ስንጣቂ ነው። ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ በምትገኘው በጊዶሌ አካባቢ የደራሼ ሕዝብ የሚነፋው ፊላ ደግሞ ከቀርከሃ የሚሠራ ነው። እያንዳንዱ ነፊ ጥቂት ድምፅ ብቻ ይይዛል፤ ዜማው የሚሞላው ሁሉም ተራቸውን ጠብቀው ሲነፉ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ የደራሼን የሙዚቃ ስልት የጃዝ ሊቃውንት ከሚጠቀሙበት ስኬል ጋር እያነጻጸሩ በተደጋጋሚ አስረድተዋል። በጋሞ ዞን ደጋማ ስፍራዎችም የዶርዜ ሰዎች የተለያዩ ድምፆችን አጣምረው በኅብረት ይዘፍናሉ።

በሁለቱ መካከል ግን አንድ ልዩነት አለ። ሸለላን አንድ ሰው ብቻውን ተሸክሞ ወደ ከተማ ሊያደርሰው ይችላል፤ ጌታቸውም ይህንኑ አድርገዋል። ፊላና የዶርዜ የኅብረት ዜማ ግን ብዙ ሰው ይፈልጋሉ። ወጣቶች ለሥራ ከቀያቸው ሲርቁ የያዙት ድምፅ አብሯቸው ይሄዳል፤ የሚተካ ከሌለም ዜማው ይጎድላል። ስለዚህ ቀረጻ ብቻውን በቂ አይደለም፤ አባቶች የየድምፁን ድርሻ ለተተኪዎች ማስተማር ይኖርባቸዋል።

ጌታቸው መኩሪያ በሚያዝያ 2016 ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም፣ ከይፋት ይዘውት የመጡት ሸለላ ግን በአልበሞቻቸው ውስጥ ዛሬም ይደመጣል።